አራት ድንጋይ ለሦስት ገጽ ኖታ

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ነፋስን አያማርርም። በር ሲከፍት በእግሩ መደገፍን፣ ልብስ ሲያሰጣ አጥብቆ መቆንጠጥን ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱን ይረሳዋል። እኔም ረስቼው ነበር፤ ልጄ ክላርኔት ይዛ ሜዳ ላይ መጫወት እስክትጀምር ድረስ።

ልጄ መምህርት ናት። ክላርኔት የተማረችው ዘግይታ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ መሣሪያውም የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ንብረት ነው። ከአራት መምህራን ጋር ሆና በበዓልና በምረቃ ቀን ትጫወታለች። ሌሎቹ በቃላቸው ይጫወታሉ። እሷ ግን ኖታው ፊቷ ካልተቀመጠ አትጀምርም። «ጣቶቼ ያውቁታል፤ እኔ ግን አላምናቸውም» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ከተማችን ውስጥ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ነፋስ ሁለተኛውን ገጽ ከፊቷ አነሣው። ወረቀቱ በሰዉ ራስ ላይ ሲያልፍ ከኋላ ተቀምጬ አየሁት። ልጄ ክላርኔቱን ከአፏ ሳታወርድ ቆማ ቀረች። ሌሎቹ ያለ እሷ ጨረሱት። አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ፣ «ኖታዋ አዲስ አበባ ሊገባ ነው፤ ትኬት እንኳ አልቆረጠ» አለ። ሰው ሳቀ። ክፉ ቀልድ አልነበረም። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ውጭ አልተጫወተችም። ዘንድሮ ጥር ላይ ጎረቤላ ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ እንዲጫወቱ ተጠሩ። ሦስት ቀን አስባ እሺ አለች። ምሳ እየበላን ሳለ፣ «አሁንም መሀል ላይ ካቆምኩ ክላርኔቱን እመልስላቸዋለሁ። ለሚችል ሰው ይስጡት» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጠርዝ እሰፋ ነበር። ጠርዙ ያልተሰፋ ብርድ ልብስ ይተረተራል፤ የእኔ ሥራ ያንን መዝጋት ነበር። ስለዚህ ልጄ ሥራ በሄደችበት ሦስቱን የኖታ ገጽ አውጥቼ እያንዳንዱን በወፍራም ካርቶን ላይ ዙሪያውን ሰፋሁት። ካርቶኖቹን ደግሞ ከኖታ ማስቀመጫው ብረት ጋር በልብስ መቆንጠጫ አያያዝኳቸው።

ልጄ መጥታ አገላብጣ አየችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ለመቶ ዓመት ነው።»

«ነፋሱስ ከዚያ በላይ ኖሮ የለም?» አልኳት።

ግቢያችን ውስጥ አቁመን ሞከርነው። ንቅንቅ አላለም። ግቢያችን በግንብ የተከለለ መሆኑን ሁለታችንም አላሰብነውም።

ጎረቤላ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ መሬቱ ወደ አልዩ አምባ ቆላ ይወርዳል። ከታች የሚወጣው ነፋስ እንደ ደብረ ብርሃኑ አያፏጭም፤ ዝም ብሎ ይገፋል። ልጄ ማስቀመጫውን ዘርግታ ካርቶኑን እንዳሰረችበት ብረቱ ከነካርቶኑ ተገልብጦ ወደቀ። አነሣችው። ተመልሶ ወደቀ። ስፌቴ አንድም ቦታ አልለቀቀም ነበር።

«ይበቃል፣ እማዬ» አለችና ክላርኔቱን እየፈታታች ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረች።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በኔ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ይዘው ቀረብ አሉ።

«እትዬ፣ ይሄን ሳንቃ ለምን አቆማችሁት?»

«ሳንቃ አይደለም፤ ኖታ ነው።»

«ነፋሱ ኖታ መሆኑን በምን ያውቃል? ሳንቃ ካገኘ ይገፋል።» በዱላቸው ከአጥሩ ወዲያ ያለ የገብስ ገለባ ክምር አሳዩኝ። «ያንን ይዩት እስቲ። እሱን ማን ሰፋው?»

በክምሩ ላይ ከጓሳ ሣር የተገመዱ ገመዶች ከአናቱ ተሻግረው ወዲህና ወዲያ ወርደዋል፤ በየጫፋቸው ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲመጣ ገለባው ትንሽ ይነሣል፤ ድንጋዩ ይወዛወዛል፤ ገለባው ይመለሳል። አባቴም ክምሩን እንደዚሁ ያስር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት ኖሬ ካርቶን መስፋቴ አሳፈረኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ የጀመርኩት ሹራብ ስለነበር የሱፍ ክርና መቀስ አላጣሁም። ስፌቴን በሙሉ ተረተርኩት። ወረቀቶቹን ደራርቤ ማስቀመጫው ላይ አስደገፍኩ። ክሩን ወፈር አድርጌ ገመድኩና አንዱን በቀኝ ጠርዝ፣ ሌላውን በግራ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች አሳለፍኩ፤ እያንዳንዱ ክር አንድ ጫፉ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ እንዲንጠለጠል። አሁን አራት ድንጋይ ያስፈልገን ነበር።

ድንጋዩን የለቀሙት ዘበኛው ናቸው። «ጎረቤት ቢያየኝ ሙዚቀኞቹን ሊወግር ነው ይላል» እያሉ በእጃቸው ይመዝኑ ነበር። ቀላል ድንጋይ ስናስር ወረቀቱ ተነሣ። ከባድ ስናደርግ ደግሞ ተጫውታ የጨረሰችው ገጽ ከክሩ ሥር ተስቦ አይወጣም። የፊቱ ከኋላው ከበለጠ ብረቱ ያዘነብላል። እየቀያየርን ቆየን። ልጄ በመጀመሪያ ቆማ ታየን ነበር፤ በኋላ መጥታ እሷም መሞከር ጀመረች። ልክ የሆኑትን አራቱን ስታገኝ መሐረቤን ቀድጄ ጠቀለልኳቸው፤ ብረቱን እንዳይመቱት። ክላርኔቱን መልሳ ገጣጠመችው።

«ያለቀውን ገጽ ከክሩ ሥር ስቤ ምን ላድርገው?» አለችኝ።

«ልቀቂው» አልኳት። «ካለቀ በኋላ ነፋሱ ይውሰደው።»

ተራቸው ሲደርስ ከፊት ረድፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ስትጨርስ በግራ እጇ ስባ ለቀቀችው። ወረቀቱ ተነሥቶ በአጥሩ ላይ አለፈና ወደ ቆላው ወረደ። ሰው ሳቀ። ልጄ ግን ሁለተኛውን ጀምራ ነበር። እሱን ስትስብ ሦስተኛው አብሮ ተጎተተ፤ ግማሹ ከክሩ ወጥቶ ተንጋደደ፤ የቀኙ ድንጋይ ተወዛወዘ። የልጄን ጣቶች እንጂ ወረቀቱን አላየሁም። ጣቶቿ አልቆሙም። እንደ ተንጋደደ የቀረውን ገጽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እያነበበች እስከ መጨረሻው ተጫወተችው።

ዘበኛው ሁለተኛውን ገጽ ከአጥሩ ሥር አንሥተው አመጡልኝ። «ያኛው አልዩ አምባ ገብቷል» አሉ። «የዚያ ሰው ይጫወትበት።»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የክላርኔቱን ሳጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ከጎረቤላ ብዙ ርቀን ነበር፣ ወደ ቦርሳዬ ስታይ።

«ድንጋዮቹን ይዘሻቸዋል?»

«ደብረ ብርሃን ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» አልኳት።

«እነዚህ ግን ልካቸው ተገኝቷል» አለች።

ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየኋት። አራቱም ነበሩ።