ስም የሌላቸው ቁልፎች

የዓይኔ ብርሃን ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ብዙ ነገር ለምጃለሁ። እስከ ዛሬ ያልለመድኩት ሰዎች እኔን መጠየቅ ያለባቸውን ነገር አጠገቤ የቆመውን ሰው ሲጠይቁ ነው።

ፒያሳ የምታከምበት ክሊኒክ ውስጥ ይህ ያልገጠመኝ ቀን የለም። ለጉልበቴ የሄድኩ ዕለት አብረውኝ የነበሩት አፍንጮ በር ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ናቸው። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል፤ በራቸው ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ፒያሳ ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ በእግሬ የማውቀው መንገድ ሁሉ ስለጠፋብኝ፣ ክሊኒክ ስሄድ ሱቃቸውን ዘግተው ይከተሉኛል።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ «እማማ፣ ምኗን ነው የሚያማት?» አለቻቸው።

«ጉልበቴን ነው» አልኳት እኔ። «ጆሮዬ ደህና ነው፤ እኔኑ ጠይቂኝ።»

እትዬ ተይ እንደማለት ክርኔን ጫን አደረጉኝ። ጠበኛ ስሆን አይወዱም።

ለጉልበቴ ሕመም ለወራት ማስታገሻ ክኒን ስወስድ ቆይቻለሁ። ሐኪሙ እግሬ ማበጡን ሲያይ የደም ምርመራ አዘዘልኝ። ደም ሰጥቼ ስወጣ ያችው ሠራተኛ፣ «ከእንግዲህ ውጤት በወረቀት አንሰጥም። አፕ አለን፤ የሕክምና መዝገብሽ በሙሉ ስልክሽ ላይ ይመጣልሻል» አለችኝና እዚያው ጫነችልኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስልኬ ተናጋሪ ነው፤ ጣቴ የነካውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የማነበውም፣ ለዘመድ መልእክት የምጽፈውም በእሱ ነው። የምርመራ ውጤቴን ግን ሁሌም የሰማሁት በሰው አፍ ነው። ወጣት ሳለሁ አንዲት ነርስ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ኢንፌክሽን አለብሽ፣ ባልሽንም ይዘሽው ነይ!» ብላ ጮኻብኛለች። ባል አልነበረኝም። ወረፋ ላይ የነበሩት ሳቃቸውን ሲያፍኑ ይሰማኝ ነበር። እና አሁን ስለ ገዛ ሰውነቴ የተጻፈውን በሬን ዘግቼ ብቻዬን ልሰማ ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ መልእክት መግባቱን ነገረኝ። አፑን ከፈትኩ። ጣቴን ሳሳርፍ፣ «ቁልፍ» አለኝ። ወደ ቀኝ ሳንሸራትት፣ «ቁልፍ»። ወደ ታች፣ «ቁልፍ»። የምን ቁልፍ እንደሆነ አንዱም አይናገርም። ለሚያይ ሰው ሥዕል ይኖረው ይሆናል፤ እኔ ግን ስም በሌላቸው በሮች መካከል ቆሜ ቀረሁ። አንዱን በድፍረት ስጫን ከአፑ አስወጣኝ። ሌላውን ስጫን ሌላ ቀጠሮ ሊያስይዘኝ ሞከረ። ከግማሽ ሰዓት ትግል በኋላ ውጤቱ ያለበት ገጽ ላይ ደረስኩ መሰለኝ፤ ስልኬ፣ «ምስል» አለና ዝም አለ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ነበር የላኩት። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ወዲያው መልሼ ለማግኘት ብርድ ልብሱን ስዳብስ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

ምርጫ አልነበረኝም፤ ጎረቤቴን ጠራሁ።

«እትዬ፣ ምን እንደሚል ያንብቡልኝ እስቲ።»

ስልኩን ተቀበሉኝ። «ደህና ነው ይላል» አሉ። «ሁሉም ደህና ነው።»

«ሌላ ምንም አይልም?»

«ምንም። አረንጓዴ ምልክት አድርገውበታል።»

እሰየው ብዬ ክኒኔን መዋጥ ቀጠልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋጥኩ። እግሬ ጫማ አልቀበል አለ፤ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ሲብስብኝ ታክሲ ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሐኪሙ ገና ስገባ፣ «ምነው፣ የት ጠፉ?» አለኝ።

«የምን መጥፋት?»

«ውጤቱ ሥር ጽፈን ልከንልዎት ነበር እኮ። ኩላሊትዎ መጎዳት ጀምሯል፤ ክኒኑን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ በሳምንት ውስጥ ይመለሱ ብለናል። መክፈትዎ እዚህ ይታየኛል።»

«ከፍቻለሁ» አልኩት። «መክፈትና ማንበብ ግን አንድ አይደለም።»

ክኒኑን አስቆመኝ፤ ሌላ ምርመራ አዘዘ። በመንገዴ ሁሉ የማስበው እትዬን ነበር። እያወቁ ዋሹኝ? እንዳልደነግጥ ብለው ነው? ግቢ እንደገባሁ ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ፣ «ያን ቀን ምን ይል ነበር?» አልኳቸው።

የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ሰማሁ።

«እንግሊዝኛ ነበር» አሉ። «እኔ አማርኛውንም በስንት ጣር ነው የማነበው። አንቺ ያለ ዓይን ደብዳቤ ስታነቢ፣ እኔ ዓይን እያለኝ አልቻልኩም ልልሽ አፈርኩ። አረንጓዴ ነገር አየሁ። ክፉ ቢሆን በቀይ ይጽፉት ነበር ብዬ ነው።»

ያ አረንጓዴ ነገር የክሊኒኩ ዓርማ እንደነበር በኋላ ሐኪሙ ነገረኝ።

ለአንድ ሳምንት አላናገርኳቸውም። ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ይጠሩኛል፤ አልመልስም። ይቅር ለማለት የረዳኝ የራሴ ውሸት ነው። ዓይኔ በጠፋ ሰሞን ሰው ፎቶ ሲያቀብለኝ፣ «እንዴት ያምራል!» እል ነበር፤ አላየሁትም ማለት ሞት ይመስለኝ ነበርና። በስምንተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁና፣ «ይልበሱ፣ የምንሄድበት አለ» አልኳቸው።

አፑን የሠራው ድርጅት ቢሮ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። ባበጠ እግሬ ደረጃውን ስወጣ፣ ስለ ጤና መተግበሪያ አቤቱታ ለማቅረብ ጤነኛ መሆን ያስፈልጋል እያልኩ ነበር። ኃላፊው በትሕትና ተቀበለን፤ ውኃም አቀረበልን።

«ዓይነ ስውራንን አልረሳንም» አለኝ። «በሁለተኛው ምዕራፍ አስበንበታል።»

«ኩላሊቴ ሁለተኛውን ምዕራፍ ይጠብቅ?»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና አፑን ነካካሁት። «ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ምስል።» ከጀርባ የኮምፒውተር ፊደል የሚመቱት ሰዎች አንድ በአንድ መምታት አቆሙ።

«ግን...» አለ ኃላፊው፣ «በዚህ ዓይነት የሚጠቀም ስንት ሰው አለ?»

«መግባት ካልቻልን በምን ትቆጥረናለህ?»

እትዬ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ዓይን አለኝ» አሉ። «እኔም አላነበብኩትም። አማርኛ ብትጽፉበት ምን ነበረበት?»

እኔ ደጃፋቸው ላይ በቁጣ ከአፋቸው ያስወጣሁትን ቃል ሰው በሞላበት ክፍል ራሳቸው ተናገሩት። ክርናቸውን ፈልጌ ያዝኩ። ኃላፊው የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረ፤ እናስተካክላለን አለ።

ከሁለት ወር በኋላ አፑ ታደሰ። ቁልፎቹ ስም አግኝተዋል፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት፤ የስልኬ አማርኛ ተናጋሪ ሲያነባቸው አፉን የታሰረ ይመስላል። እንደ ምንም ለመድኳቸው። ውጤቱ ግን ዛሬም ፎቶ ነው። ሐኪሙ ምሳ ሰዓቱ ላይ ደውሎ ያነብልኛል፤ ደግ ሰው ነው፤ እሱ ፈቃድ የወጣ ዕለት ማን እንደሚያነብልኝ አላውቅም። የተጎዳው የኩላሊቴ ክፍል አይመለስም፣ እንዳይብስ ግን እንጠብቃለን ብሎኛል።

ሰኞ ሰኞ አፑን የሠራው ድርጅት ቢሮ እደውላለሁ። ስልክ ማንሳት ሥራዬ ስለሆነ የሰለቸ ድምፅ አውቃለሁ፤ እንደሰለቸኋቸውም አውቃለሁ። ባለፈው ሰኞ ስደውል ያ ኃላፊ ሥራ ለቅቋል አሉኝ። የተተካው ሰው ጉዳዩን እንደማያውቅ ነግሮኝ፣ ከመጀመሪያው እንዳስረዳው ጠየቀኝ። ወንበሬን አስተካከልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።