ከወርቁ ስም አጠገብ የጻፍኋቸው ሁለት ቃላት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ስካሩን፣ የሻርሁትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተ አታውቀኝም፤ እኔም ፊትህን አላየውም። ላንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ፍታኝ አልልህም፤ እስከ መጨረሻው ስማኝ ብቻ።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። እንጅባራ ውስጥ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ ለስንቱ ሠርቻለሁ። ለሆቴል ሠርቻለሁ፤ ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆሜ ያነሳሁት ፎቶ ዛሬም ገጻቸው ላይ አለ። ዳንግላ ላለ አንድ የፕሮቴስታንት ጉባኤ የመዝሙር ገጽ ሠርቻለሁ፤ ኦርቶዶክስ መሆኔን እነሱም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልነገርኋቸው። ለማር ነጋዴዎች፣ ለቀርከሃ ወንበር ሠሪዎች፣ ለአዘና የድንች ዘር አባዢዎች፣ ዓይነ ስውራንን ለሚረዳ ማኅበር ሠርቻለሁ። በቅርቡ ለራሴም ገጽ ልሥራ ብዬ «የሠራኋቸው ሥራዎች» በሚል ርእስ ሁሉንም በየሳጥናቸው ደረደርኋቸው። አንዱን ግን አላስገባሁትም። ከሁሉም አብልጬ የተጠበብሁበት እሱ ነበር።

ከአባቴ ልጀምር። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይሠራል፣ የፈረስ ልጓም ይሠራል። አገሩ በእሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእሱ ማጭድ ያጭዳል፣ ከእሱ ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም። ልጅ ሳለሁ ማረሻ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች እናቴ ጠላ ስታቀርብላቸው «ጾመኛ ነን» እያሉ ይመልሱላት ነበር። ፋሲካ ባለፈ ማግስት እንኳ ሲጾሙ እያየሁ ምን ዓይነት ጻድቃን ናቸው እያልሁ እደነቅ ነበር። ነገሩ የገባኝ አድጌ ነው።

ዝናሽን ያወቅኋት ወረቀት ልታሳትም ስትመጣ ነው። መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው። ሁለት ዓመት ተዋደድን። «ሽማግሌ ላክ» ያለችኝ እሷ ናት፤ እኔማ የአባቴን ሥራ እያሰብሁ እፈራ ነበር። ደፍሬ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ፈንታሁን ይባላል፤ በፈረሱና በዘሩ የሚኮራ፣ ከተማው ጋሼ እያለ የሚነሳለት ሰው ነው። እኔም ፊት ለፊት ስናገረው አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ እያልሁ እጽፈዋለሁ፤ ይህችን ታህል እንኳ ትቅርልኝ።

ሽማግሌዎቹ የማን ልጅ እንደሆንሁ ነገሩት። ሳቀ አሉኝ። «ማረሻ ሳሠራ አባቱ ዘንድ እሄዳለሁ» አላቸው። «ልጄን ስድር ግን አጥንት እቆጥራለሁ።» ይህን ሲል ከጀርባው ግድግዳው ላይ የፈረሱ ልጓም ተሰቅሎ ነበር። ያን ልጓም የሠራው አባቴ ነው። ሽማግሌ አንዴ እምቢ ቢባል ተመልሶ መሄድ ወግ ነው፤ ተመልሰው እንዲሄዱልኝ ለመንኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ልጄ፣ እባክህ እኛንም አታዋርደን» አሉኝ። ዝናሽ ምንም አላለችም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ዳንግላ ላለ አንድ ነጋዴ ልትዳር ነው ሲባል ሰማሁ፤ ያኔም ምንም አላለችም። ከአባቷ ንግግር ይልቅ የእሷ ዝምታ አንገበገበኝ።

የዚያኑ ሰሞን የፈንታሁን ዘመዶች የትውልድ ማኅበር አቋቁመው እሱን ሊቀ መንበር አደረጉት። አዛዥ ክንፉ ከሚሉት አያታቸው ጀምሮ የተዋለደው ሁሉ በድረ ገጽ ላይ ይስፈር፣ በየአገሩ የተበተነው ዘመድ ይተዋወቅ ነው ሐሳባቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ በከተማው የሚሠራ ከእኔ ሌላ ስላልነበረ ጸሐፊያቸው ጠራኝና ኮሚቴው ፊት ቀረብሁ። ፈንታሁን ሲያየኝ ያስወጣኛል ብዬ ነበር። አላስወጣኝም። «ሥራ ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ማረሻውንስ ከእነሱው አይደል የምናሠራው?» ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። «እሺ ጋሼ፣ አሳምሬ እሠራልዎታለሁ» አልሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ገና ደረጃውን ሳልወርድ ሳይረሳው አልቀረም።

የዘር ቆጠራውን በቃላቸው የያዙት አባ ጥሩነህ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዘንገና አካባቢ ነው የሚኖሩት። በባጃጅ እሄድና የቀረውን በእግሬ አዘግማለሁ። እሳቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አማርኛው ሲደክማቸው ወደ አውንጊው ይሻገራሉ፤ ሁለቱንም ስለምሰማ አልተቸገርሁም። በመጀመሪያው ቀን የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። እህል ውኃ ሊከለክሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «አሃ፣ ማጭዴ የአባትህ ናታ!» ብለው መሶቡን ወደ እኔ አስጠጉት። ከአንድ ገበታ በላን። ይህን የምነግርህ ያደረግሁትን ለማን እንዳደረግሁት እንድታውቅ ነው።

በየስሙ አጠገብ አንዳንድ ነገር ይነግሩኝ ነበር፤ ይህ ፈረሰኛ፣ ያ ድጓ ያወቀ፣ ይህ ደግሞ ንብ የሚቀናው። በፈንታሁን እናት በኩል አራተኛው ቤት ላይ ስንደርስ ወርቁ የሚባል ስም ጠሩና ቆም አሉ። «እሱ ከወዲያ ማዶ የመጣ ሰው ነው። ሥራውን አላውቅም። የማላውቀውን አልናገርም» አሉኝ። ወርቁ ብዬ ጻፍሁና ከጎኑ ያለውን ባዶ ተውሁት። ገጹ ሳያልቅ አባ ጥሩነህ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አለቀስሁ፤ ያ ልቅሶ የውሸት አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ ኮሚቴው ተሰብስቦ ስሙን አንድ በአንድ እያየ አጸደቀ። የወርቁ ቦታ ባዶ ነበር። ፈንታሁን የራሱን ፈረስ ፎቶ እያስመለሰ ሲያይ ዋለ እንጂ የእናቱን ወገን ዞር ብሎም አላየው። ካጸደቁት ከሁለት ቀን በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የወርቁን መስመር ከፈትሁ። አልሰከርሁም። አልተቆጣሁም። ማንም አልገፋኝም። «ቀጥቃጭ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ሁለት ቃል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። አባ ጥሩነህ አላሉም፤ ደብተሩም አይልም፤ እኔ ነኝ የጻፍሁት። ከዚያ ገጹን ለዓለም ከፈትሁትና መጠበቅ ጀመርሁ።

ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር ልበልህ? አውቅ ነበር እንጂ! የዳንግላዎቹ ሽማግሌዎች ከሠርጉ በፊት አጥንት እንደሚቆጥሩ አውቅ ነበር። ፈንታሁንም ጉራውን እንደማይተው አውቅ ነበር። «እኛ ቤት አጥንት ለመቁጠር ሰው መጠየቅ ቀርቷል፤ ስልካችሁን ክፈቱና ቁጠሩ» አላቸው አሉ፣ በራሱ አፍ። ቆጠሩ። አራተኛው ቤት ላይ ደረሱ።

ጠላው ተጠንስሶ፣ ድንኳኑ ተነግሮ ሳለ «ነገሩን ለጊዜው እናቆየው» የሚል መልእክት ከዳንግላ መጣ። ምክንያቱን አልተናገሩም። ግን ሳምንት ሳይሞላ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያልሰማ አልነበረም፤ ሰዉ መስመሩን ከስልኩ ላይ ፎቶ እያነሳ ይቀባበለው ነበር። ፈንታሁን ደረጃዬን እያለከለከ ወጣ። «ይህን ማን ጻፈው?» አለ።

«አባ ጥሩነህ ያሉትን ነው የጻፍሁት፣ ጋሼ።»

«አጥፋው!»

«ኮሚቴው ነው ያጸደቀው፤ ኮሚቴው ይወስን።»

ያ በሽማግሌዎቼ ላይ የሳቀ ሰው ስልኩን አውጥቶ መስመሩን በአውራ ጣቱ ሊፍቀው ሲሞክር አየሁት። እውነቱን ልንገርህ? ደስ አለኝ። የዚያን ዕለት ምሳዬን እንዴት ጣጥሞኝ እንደበላሁ አሁንም ትዝ ይለኛል። ኮሚቴው ቆይቶ ገጹን አዘጋው፤ መዘጋቱ ደግሞ ለሰዉ ማረጋገጫ ሆነለት።

እዚህ ላይ ባቆም በደሌ በአንድ ኩሩ ሰው ላይ የደረሰ ነው ብለህ ታልፈኝ ነበር። አላቆምም። ዝናሽ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «አባ ጥሩነህ እውነት እንዲህ ብለው ነበር?» አለችኝ። አላሉም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፤ ስሟን የሚመልስላት አንድ ቃል። «አዎ» አልኋት። ገብታ ተቀመጠች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበረ።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸዋ። አሁን አባቴ ምን ብሎ ይመልሳቸዋል?»

ያን ሁሉ ወር የተመኘሁትን ነበር የምትለኝ። ሸሽታኝ አልነበረም፤ ዝም ያለችው ለአባቷ የምትመልሰው አጥታ ነበር። በዚያ ቅጽበት ገባኝ። ገብቶኝ ሳለ፣ አይኗን እያየሁ፣ «እኛም አጥንት እንቆጥራለን» አልኋት። ሽማግሌዎቼ የሰሙትን እሷም እንድትሰማው ፈለግሁ። ሰማችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እዚህ ከተማ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ የላከባት የለም፤ ዓመት ሳይሞላ ሥራዋን ትታ ከእንጅባራ ወጣች። የት እንዳለች አላውቅም። የምወዳትን ልጅ በገዛ አፌ ያባረርሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ምን? አባቷ ስለሳቀ?

ከዚያ ደግሞ አባቴ መጣ። ወደ ፎቅ ቢሮዬ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ወሬውን ገበያ ሰምቶ፣ ልብሱን ለውጦ፣ እጁን ታጥቦ መጣ። ማንበብ አይችልም። «እስቲ አንብብልኝ» አለ። አነበብሁለት፤ ወርቁ፣ ቀጥቃጭ ነበር። «ድገመው» አለ። ደገምሁለት። ማን ነው ያለው ብሎ ጠየቀኝ፣ አባ ጥሩነህ አልሁት። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ።

«እግዜር ነፍሳቸውን ይማር» አለ። «ሥራችንን ሳይሰድብ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው እስከዛሬ አላየሁም።»

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁትን ያየሁት። በጠላቴ ላይ የምለጥፈው ነውር ስፈልግ ሌባ ነበር ማለት እችል ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ፣ ከሐዲ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ከነውር ሁሉ የከፋውን ስመርጥ ያሳደገኝን፣ ያስተማረኝን፣ ኮምፒውተር የገዛልኝን ሥራ መረጥሁ። ታዲያ ከፈንታሁን በምን ተሻልሁ? እሱ አባቴን የናቀው በሦስት ሽማግሌ ፊት ነው፤ እኔ የናቅሁት በዓለም ፊት ነው። እሱ ያለውን እኔ አምኜበት ኖሯል።

ፈንታሁንን ይቅር በለኝ አልለውም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ቂሜ ዛሬም እንዳለ ነው፣ መንገድ ላይ ሳገኘው ያን ስልኩን ሲፍቅ የነበረ ጣቱን አስታውሼ እስቃለሁ። ከፈለገ ይርገመኝ። ዝናሽ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ የወርቁን ሥራ የሚያውቅ ሰው የለም። አባ ጥሩነህ አላሉም፤ ስሜ ይበልጣል ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቀጥቃጭ ቢሆንም ኖሮ አንቺን የሚያሳፍርሽ አልነበረም፤ ያን ቀን ልነግርሽ የሚገባኝ ይህንን ነበር። ይቅርታሽን አልጠብቅም። የአባ ጥሩነህን ስም ግን እዚህ እመልሳለሁ፤ የማያውቁትን አይናገሩም ነበር።

የቀረው አባቴ ነው። ገጹ ከኢንተርኔት ቢወርድም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ይመጣና «ያቺን አንብብልኝ» ይለኛል። ወርቁ፣ ቀጥቃጭ ነበር፤ እላለሁ። ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ አባ ጥሩነህን ይመርቃል፤ እኔንም ይመርቃል። ስንት እሑድ እንደዚህ እንዳለፈ አልነግርህም። ይህን ጽሑፍ ሌላው ሰው ሁሉ ራሱ ያነበዋል። ለአባቴ ግን የማነብለት እኔ ነኝ፤ በሚመጣው እሑድ፣ ያቺን አንብብልኝ ሲለኝ፣ ይህን አነብለታለሁ።