ወንድሜ የተቆጣበት መብራት

በወንድሜ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ከሩብ ነው፤ አራት ስህተት አለበት። የተወለደበትን ዓመት በሁለት ያሳንሳል። የሠራባቸውን ሦስት ጋራዦች አንድ ያደርጋል። ሙያውን «መካኒክ» ይላል። እሱ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ መካኒክ ያለውን ሰው ሽቦና ብሎን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ምረጥ» ይለው ነበር። ሦስቱን ይቅር ልል እችላለሁ። አራተኛውን ግን አልችልም። «ከማንም ጋር ተጋጭቶ የማያውቅ ዝምተኛ ሰው ነበር» ይላል። መንደሩ ሁሉ ነጎድጓድ ይለው የነበረውን ሰው!

ሥራዬ የሰው ሰነድ መጠበቅ ነው። የገዛ ወንድሜ ሰነድ ተበላሽቶ እንዲቀመጥ አልፈቅድም። ስለዚህ ከማን ጋር፣ ለምን እንደተጋጨ አንዱን ቀን እጽፋለሁ። እዚያው ነበርኩ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። የእሱ የሥራ ደብተር ረቡዕ ይላል፤ ደብተሩ ተሳስቷል።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። አንድ ሰው የሚስቱን መኪና ይዞ መጣ። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት በርታ አልጠፋ ብላለች። ወንድሜ የመመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ አየ፤ ጥፋቱ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ወለሉ ላይ የሚታሰር ነው። መኪና ሲጋጭ «አሁን!» ብሎ የኤርባግ ከረጢቶቹን የሚያስነፋው እሱ ነው። ወንድሜ ምንጣፉን በመዳፉ ጫን አደረገው፤ ውሃ አቀረረ። የመኪና እጥበት ቤት ልጆች ውስጡን በጎማ ውሃ አጥበውታል።

«ሦስት ቀን ተወው» አለው ባልየውን።

«ሐሙስ ዓመታዊ ምርመራ አለብኝ። መብራቷን ብቻ አጥፋልኝ።»

«መብራቷ ምን አደረገችህ? የታመመው ሌላ፣ የምትገድለው ሌላ!»

ባልየው መኪናውን አስነስቶ ሄደ። የት እንደሄደ ያወቅነው በዚያ ማክሰኞ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስደርስ ወንድሜ አንገቱን ከአንድ ሞተር ውስጥ ሳያወጣ «ማህተሟ መጣች፤ ሁሉም ሰው መታወቂያውን ያውጣ» አለ። ጋራዡ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። ለእኔ የወጣልኝ ስም ይህ ነው፤ ካወጣልኝ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አንድም ቀን አልሰለቸውም። ወንበር ፈልጌ ሳልጨርስ ያች መኪና ገባች። የምትነዳት የመኪናዋ ባለቤት፣ ሚስትየዋ ነበረች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ በየቀኑ ከከተማ አርባ ኪሎ ሜትር ወጥታ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የፊት መብራቷ አምፖል ተቃጥሎ።

ወንድሜ አምፖሉን ቀየረ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ዳሽቦርዱን አየ።

«የኤርባጓን መብራት ማን ሠራልሽ፣ እህቴ?»

«ባለቤቴ አሠራው። ምርመራውንም አለፍን።»

«እስቲ ሞተሩን አጥፊው። አሁን ቁልፉን አዙሪ፤ ሞተር ግን እንዳታስነሺ። መብራቷን እያየሽ ቁጠሪ። ጤነኛ ከሆነች ስድስት ሳትደርሺ ራሷ ትጠፋለች።»

ሴትየዋ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ስድስት አለች። አሥር አለች። ሃያ ላይ ድምጿ እየቀነሰ መጣ። መብራቷ እንደበራች ናት።

«አሁን ሞተሩን አስነሺ።»

ሞተሩ ገና እንደተነሳ ጠፋች፤ ከባትሪው መብራት ጋር እኩል፣ በአንድ ቅጽበት። ወንድሜ የዳሽቦርዱን ክዳን አውልቆ አሳያት። የኤርባጉ መብራት ሽቦ ተቆርጦ ከባትሪው መብራት ሽቦ ጋር ተጠምዝዟል፤ በጥቁር ፕላስተርም ተጠቅልሏል። ሳጥኑ ቢታመም፣ ቢሞት፣ ጨርሶ ባይኖር እንኳ መብራቷ ምንም አትናገርም።

መርማሪው ምን አየ? ሞተር ተነስቶ መብራት መጥፋቱን አየ፣ ማህተሙን አሳረፈ። እስከ ስድስት መቁጠር አልቻለም። እኔም በሥራዬ ማህተም እይዛለሁ፤ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አሳርፌው አላውቅም።

ወንድሜ የሽቦውን አጠማዘዝ አወቀው። ጫፎቹ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዘው ወደ ኋላ ታጥፈዋል። እሱ ራሱም እንደዚሁ ነው የሚጠመዝዘው፤ ያስተማሩት ሰው እንደዚያ ስለሚጠመዝዙ። እኚህ ሰው ከእኛ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ጋራዥ አላቸው። ነጭ ጋዋን ስለሚለብሱ ዶክተር ይባላሉ።

ወንድሜ ወደዚያ ሄደ። እኔና ሴትየዋ ተከተልነው።

«ጋሼ» አለ በሩ ላይ ቆሞ፣ ገና ድምፁ ዝግ እንዳለ፣ «የዚችን እህት መብራት የጠለፉት እርስዎ ነዎት?»

«ባልየው አጥፉልኝ አለ። እኔ ምን አገባኝ?»

«ሳጥኑን አይተውት ነበር?»

«ምን ያሳየኛል? ምንጣፉ ረጥቧል። ውሃ ገብቶ የሽቦ መሰኪያውን እግሮች አዝጓቸዋል። ይሄ ደግሞ ምርመራ ይፈልጋል?»

ወንድሜ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውየው አላወቁም ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ በኋላ የጮኸውን መንገድ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ወጥቶ ሰማ።

«ያውቃሉ! ያውቃሉ እኮ! ባያውቁ ኖሮ እኔው መጥቼ አሳይዎት ነበር! ባትሪ ነቅለህ ሩብ ሰዓት ሳትቆይ ኤርባግ እንዳትነካ ብለው እጄን የመቱኝ ማን ናቸው? እርስዎ አይደሉም?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«አንተ ሦስት ቀን ስትቆፍር እኔ በሃያ ደቂቃ እሸኛለሁ። ደንበኛ እኔ በር ላይ ለምን እንደሚሰለፍ አሁን ገባህ?»

ያኔ ሴትየዋ ተናገረች፤ እንደ ወንድሜ አልጮኸችም። «አምቡላንስ ሲጠፋ ወላዶችን ወደ ሆስፒታል የማመላልሰው በዚህች መኪና ነው። ዓርብ ዕለት የፊት ወንበር ላይ የነበረችው የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ናት።»

ዶክተር ጋዋናቸውን ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱት። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ብሎ አልጠራቸውም፤ ሁለቱም እስኪሞቱ በዚያው መንገድ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ተላለፉ። ከማንም ጋር አልተጋጨም ላሉት ይህን አስመዘግባለሁ።

ሴትየዋ የመኪናዋን ቁልፍ ለወንድሜ ሰጠችው። ማታ ባልየው ስልክ ደውሎ «ምርመራውን ያለፈ መኪና ለምን ይፈታል?» ብሎ ጮኸበት። ወንድሜም በእጥፍ መለሰለት።

ረቡዕ ጠዋት ባትሪውን ነቀለ፤ ሩብ ሰዓት የእጅ ሰዓቱን እያየ ቆየ። ምንጣፉን ገለጠ፤ የረጠበ ጨርቅ ሽታ ወጣ። ሳጥኑን ፈትቶ ሲከፍተው የሽቦ መሰኪያው እግሮች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠባቸው። በዝገት የተበሉትን ሦስት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች በአጉሊ መነጽር ሥር እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ቀጠላቸው። አድርቆ፣ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ መኪናው ፊት እንዲያመለክት አድርጎ አሰረው፤ ቀስቱ ወደ ኋላ ከዞረ ሳጥኑ ግጭቱን በተቃራኒው ያነበዋል። የተጠለፈውን ሽቦ ፈትቶ ወደ ቦታው መለሰ። ቁልፉን ሲያዞር መብራቷ በጊዜዋ ጠፋች፤ እኔ ላጨበጭብ ስል ተመልሳ በራች።

«ጎበዝ» አላት፣ እኔን ሳይሆን መብራቷን። «እንዲህ ነው እውነቱን መናገር።»

ባትሪ ነቀለ፤ ሩብ ሰዓት ቆመ፤ እንደገና ፈታው። ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ውሎ ሐሙስ ከአንዱ እግር ሥር በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አገኘ። ያንን በየደ። ዓርብ ሦስት ጊዜ ፈተነው፤ ማሽኑም ጥፋት የለም አለ።

ሴትየዋ ዓርብ ከባሏ ጋር መጣች። ባልየው ከወንድሜ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ጎማዎቹን ይቆጥር ነበር።

«አሁን ብጋጭ ይከፈታል?» አለችው።

እኔ አዎ እንዲላት ፈለግሁ። ሦስት ቀን ደክሟል፤ አንዲት «አዎ» አትበዛበትም ነበር።

«አላውቅም» አላት። «የተጠገነ ሳጥን ነው። አዲስ እንደተገኘ መቀየር አለበት፤ እያፈላለግሁ ነው። ዛሬ የማረጋግጥልሽ ሳጥኑን ካመመው መብራቷ እንደምትነግርሽ ብቻ ነው። ከበራች የፊት ወንበር ላይ ማንንም ሳታስቀምጪ ቀጥ ብለሽ ወደ እኔ።»

«ይሄን ያህል ደክመህ አላውቅም ትለናለህ?» አለ ባልየው።

ወንድሜ አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው። «እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ባልየውም ከጎኗ ገባ። መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ።

«ቀበቶህን» አለችው።