ኪሱ የተሰፋ ሱሪ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ፓራዳይዝ ሰፈር ካለው አፓርትመንቷ ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር፣ ስናዛውራት ከቁም ሣጥኑ ጥግ የአባቴ ጥቁር የሥራ ሱሪ ወጣ። አባቴ በሕይወቱ አጭሶ አያውቅም፤ ሱሪው ግን ስንቴ ታጥቦም የካዚኖው ሲጋራ ሽታ አልለቀቀውም። እጄን ወደ ኪሱ ስሰድ ጣቶቼ ክሩ ላይ ቆሙ።

አባቴ ዲለር ነበር፤ ካዚኖ ውስጥ ለቁማርተኞች ካርታ የሚያድል። እሱ በሚሠራበት ቤት ደንብ፣ ዲለር እንደ ገንዘብ የሚያገለግለውን የቁማር ቺፕስ እንዳይደብቅ ኪሱ መሰፋት ነበረበትና አዲስ ሱሪ በተገዛ ቁጥር እናቴ መርፌ ይዛ ትቀመጣለች። የሁሉም ሰው አባት እንደዚያ ይመስለኝ ስለነበር፣ የክፍል ጓደኛዬ አባት አንድ ቀን ከኪሱ ማስቲካ አውጥቶ ሲሰጠኝ እንደ አስማተኛ ነው ያየሁት።

ቁጠባችን የተቀመጠበትን፣ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ የሚሰበሰብበትን ፈንድም የመረጠችው እናቴ ናት። የአንዱ ድርሻ ዋጋ ሁልጊዜ አንድ ዶላር ነው፤ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ትንሿ ትርፍ ብቻ በየወሩ ድርሻ እየሆነች ትጨመራለች። አባቴ «በቃ፣ እንደ ቺፕስ ነው» ብሎ ተስማማ። ገንዘቡ ለእኔ ኮሌጅና ለክፉ ቀን ነበር።

ክፉው ቀን ግን ዘገየ። የቤት ዋጋ ሽቅብ በሚጋልብበት በዚያ ዘመን፣ ታክሲ የሚነዱት የአባቴ የስደት ጓደኛ ጋሽ ተክሌ ሰመርሊን በሚባለው የሀብታም ሰፈር በባንክ ብድር ቤት ገዝተው ሊያሳዩን ወሰዱን፤ እኔም እግሬን መዋኛ ገንዳው ውስጥ ነክሬ ከዚያ አልነሳም ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጋሽ ተክሌ አባቴን ሁለተኛ ቤት አብረን እንግዛ ሲሉት ሰማሁ።

«ያንተ ገንዘብ እኮ ተኝቷል! ቀስቅሰው እንጂ!»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ከተሰፋ ኪስ ምን ሲወድቅ አይተዋል?» አለች።

«ምንም አይገባበትማ!» አሉ እሳቸው።

ሁሉም ሳቀ፤ አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለማውጣት ስልክ እያነሳ መልሶ ያስቀምጥ ነበር።

የቤት ዋጋ ሲወድቅ በካዚኖ የሚኖረው ከተማችንም አብሮ ወደቀ። የአባቴ ሺፍት በግማሽ ተቀነሰ፤ ቲፕ ደረቀ፤ የቤት ኪራያችንን ያ የተኛ ገንዘብ እየነቃ ከፈለው። ጋሽ ተክሌ ቤታቸውን ባንክ ወስዶባቸው ሻንጣቸውን ይዘው ሳሎናችን ሶፋ ላይ አረፉ። የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ እሳቸው ራሳቸው ባዶ ኪሳቸውን ወደ ውጭ ገልብጠው «አልማዝዬ፣ እስቲ ያንን መርፌሽን አምጪው፤ የእኔንም ስፊልኝ» አሏት እናቴን። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ በፊት ለብዙ ወራት ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ስለነዚህ ፈንዶች ጽፌያለሁ። ያ አንድ ዶላር ዋስትና እንዳልሆነ፣ ዳቦ በተወደደ ቁጥርም የሚገዛው እየቀነሰ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ተኝቷል ሲሉ ጋሽ ተክሌም እውነት ነበራቸው። ቢሆንም ኮሌጅ የገባሁት በተረፈው ነው፤ የልጄን ቁጠባ ከፊሉንም እዚያው አስቀምጬዋለሁ።

«ለሰው ይሰጥ፤ ክሩን ፍቺው» ብላ እናቴ መቀስ አቀበለችኝ። የግራውን ኪስ ፈታሁት፤ ባዶ ነው፤ ሌላ ምን ሊኖረው። እንደ ጋሽ ተክሌ ገንዳ ያለው ቤት አልነበረንም፤ አባቴም አሁን የለም። የቀኙን ግን ሳልፈታ ሱሪውን መልሼ አጥፌ ወደ ቤቴ ከሚሄደው ዕቃ ጋር አስቀመጥኩት፤ እናቴም አይታ መቀሷን ተቀበለችኝ።