ጊቭ አፕና የሽማግሌው አውራ ጣት

ቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ግጥም ለጥፈሃል ብለው ነው። ለጥፌያለሁ። ስለ ጭሰኛ ነበር፤ ግጥሙ ቤት በደንብ አይመታም፣ ግን አንብበውታል።

ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው። የጭቃ ምርጊት፣ ከጣሪያው ሥር ጭንቅላት የማታሳልፍ መስኮት፣ የሽንትና የእርጥብ ጭድ ሽታ። ሁለት ሰዎች ነበሩበት። አንዱ ከሰሜን የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ተማሪ አሳምፀሃል ተብሎ። ሌላው ጢሙ የሸበተ የመስቃን ገበሬ። ባለመሬቱ ልቀቅ ያለውን የእንሰት ማሳ አልለቅም በማለቱ ከታሰረ ስድስተኛ ቀኑ ነበር።

እኔ እንግሊዝኛን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ፣ ብቻዬን ነው። መምህሩ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። በማንኪያ እጀታ ምርጊቱ ላይ «ጊቭ አፕ» ብሎ ጫረ።

«ትርጉሙ?» አለኝ።

«መስጠት... ወደ ላይ።»

«ወደ ላይ የሚሰጠው ግብር ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። ሲጋራ የተወ ሰው ጊቭ አፕ አደረገ ይባላል። ለአሮጊት ወንበሩን የለቀቀም እንዲሁ። የተሸሸገን ሰው ለፖሊስ አሳልፎ የሰጠም፣ በሽተኛው አይድንም ብሎ ተስፋ የቆረጠም፣ በጦር ሜዳ እጁን የሰጠም።

ሽማግሌው ገበሬ የጸሎት መቁጠሪያውን መቁጠር አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

«መምህር፣ ፈረንጅ ቃል አጥቶ ነው? አንድ ላም አምስት ቤት ይታለባል?»

«አጥተው ነው አባባ።»

«ወላሂ ያሳዝናሉ። እኛ ጋ ወንበር የለቀቀና ሰው የሸጠ በአንድ ስም አይጠራም።»

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ሽማግሌውንና እኔን ወደ ቢሮው አስጠራን። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ነበር። ፊደል የማያውቅ ሰው በጣቱ ሲፈርም፣ ያነበበለት እማኝ ስሙን ከሥር ያሰፍራል። እማኙ እኔ እንድሆን ተፈልጓል።

«የዋስትና ወረቀት ነው» አለው ሽማግሌውን። «ጣትህን አሳርፍና ቤትህ ግባ።» ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተም ፈርም፣ ከቀትር በፊት ትወጣለህ። እናትህ ወልቂጤ እያለቀሱ ነው አሉ። ግጥሙን እረሳዋለሁ።»

የሽማግሌውን አውራ ጣት ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነው። እኔ ወረቀቱን አየሁ። ዋስ የሚል ቃል የለበትም።

በተከፈተው በር መንገዱ ይታየኛል። አንድ የጭነት መኪና በርበሬ እየጫነ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬ ድረስ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዕሩን አንስቼ ነበር። ከመምህሩ አምስት ትርጉሞች ሦስተኛው፣ ሰው አሳልፎ መስጠቱ፣ የእኔ ሊሆን አንድ ፊርማ ቀርቶት ነበር።

«ልጄ» አለኝ ሽማግሌው፣ ጣቱን አየር ላይ እንደያዘ። «አንተ ፊደል ታውቃለህ። ምን ይላል?»

አነበብኩለት። «የያዝኩትን ማሳ ከነእንሰቱ ወድጄና ፈቅጄ ለባለመሬቱ ለቅቄአለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ነጠቀኝ። ጥፊው ያረፈው ግራ ጆሮዬ ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ የምሰማው ጭው የሚል ድምፅ ብቻ ነበር።

«ጣትህን!» አለው ሽማግሌውን።

ሽማግሌው ጣቱን በነጭ ጋቢው ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።

«አልወደድኩም፣ አልፈቀድኩም» አለ። «እንሰቱን የተከለው አባቴ ነው። እሱን ጻፍ፣ እፈርማለሁ።»

ወደ ክፍላችን መለሱን። መምህሩ ፊቴን አይቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሽማግሌው የጋቢውን ንጹሕ ጫፍ ጥግ ከነበረው እንስራ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ።

«ያምሃል?»

«ደህና ነኝ አባባ።»

«ውሸት አትልመድ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት፤ ማሳው ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ግጥሞቼን በየሻይ ቤቱ አንብቤያለሁ፣ ተጨብጭቦልኛልም። ያን ጠዋት ሃምሳ አለቃው ቢሮ ግን ሳላሳምር፣ የተጻፈውን ብቻ አነበብኩ። እንደዚያ ማንበብን አሁንም እየተማርኩ ነው።