ሹፌሩ አባቴ አንደኛ ክፍል ገባ

ተቀበሉት! አባቴን አንደኛ ክፍል ተቀበሉት። ተማሪ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ አስተማሪ ሆኖ ነው። ከመጪው እሑድ ጀምሮ፣ እዚህ ካርቱም የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው፣ አርካዊት ሰፈር ባለው የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤታችን ፊደል የሚያስቆጥረው እሱ ነው። ወሬውን ይዞ ሲገባ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ በአረፋ እጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሸሚዙ በሰበሰ። እሱ ግን ይስቅ ነበር።

ይህን በአማርኛ መጻፌን ራሱ እዩልኝ። እዚሁ ካርቱም ተወልጄ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በዓረብኛ እየተጣላሁ ያደግኩ ነኝ። አማርኛውን ያስያዘኝ አባቴ ነው፣ እሱም ቤት ውስጥ ሳይሆን ሀፍላ ውስጥ። ሀፍላ የምንለው አገር ቤት ሚኒባስ የሚባለውን ነው። አባቴ ቀን ቀን ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር ሰው ያመላልሳል፤ ጠዋትና ከሰዓት ደግሞ ተርሂል አለበት፣ ማለትም እኛን ተማሪዎቹን ከየሰፈሩ ለቃቅሞ ትምህርት ቤት ያደርሰናል፣ ይመልሰናል። ከወንበሩ ጀርባ የፊደል ገበታ ለጥፏል። የዓባይ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሌላው ሹፌር ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋ፣ የኛው "በሉ፣ ከ'ቀ' ቀጥሉ!" ይለናል። ወላሂ፣ መንገዱ ባይከፈት ብለን የተመኘንበት ጠዋት ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ነበር፤ ሳይጨርስ ከአገር ወጣ። ትምህርት ቤቱ የአንደኛ ክፍል መምህር ሲፈልግ ርእሰ መምህሯ ራሳቸው ጠየቁት። "ልጆቹ ከእርስዎ መኪና ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚወርዱት። ለምን አይሞክሩም?" አሉት። "እስቲ ላስብበት" ብሎ መጣ። ሲያስብበት ከረመ።

በመጨረሻ ያናገረችው እናቴ ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?"

"ላስተምር ይሆን እያልኩ ነው።"

"ማንን?"

"ሕፃናት።"

"በዚህ ሽበትህ?"

"የጠመኔ ብናኝ ነው እላቸዋለሁ።"

እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። የመምህር ደመወዝ ከሹፍርናው እንደሚያንስ ታውቃለች። "ባይሆንልህስ? ባለቤቱ መኪናውን ለሌላ ሹፌር ከሰጡት በኋላ ባይሆንልህስ?"

"የፈራሁት እሱን ነው" አላት።

አባቴ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የያዝኩትን ሰሃን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። እናቴ ገበያ ውስጥ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ ወደ ሱቋ ቁልፍ ተመለከተችና "ይህቺ ሱቅ እስካሁን አላሳፈረችንም፣ አሁንም አታሳፍረንም። ሂድና ሞክር" አለችው። በማግስቱ ነጩን ሸሚዙን ስትተኩስለት አየኋት። እናቴን ስለዚያ ሸሚዝ መቼም አመስግኜ አልጨርስም።

የሙከራው ሕግ ቀላል ነው፦ ርእሰ መምህሯ ኋላ ተቀምጠው እያዩ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። ካልወደዱት በቃ። የኛ መምህር ስላልመጡ እኔና ጓደኛዬ በመስኮቱ ፍርግርግ ተንጠልጥለን እናያለን።

እዚህ ላይ አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርቱም ሀፍላ ውስጥ መውረድ የፈለገ ሰው አይጣራም፤ ጣቱን ያጮሃል፣ ቀጭ! ሹፌሩ ሰምቶ ይቆማል። የኛ ትምህርት ቤት ልጆችም መልስ ሲያውቁ እጃቸውን አውጥተው ያንኑ ጣት ያጮሃሉ።

አባቴ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ "መ"ን ከነዘሮቿ ይጽፋል። አንዱ ልጅ ከኋላው ቀጭ! አደረገ። የአባቴ ቀኝ እግር መሬቱን ረገጠ፣ ፍሬን ሊይዝ! ፊቱንም ሳያዞር፦

"ወራጅ አለ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ርእሰ መምህሯ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። ጓደኛዬ "ኸላስ፣ አለቀለት" አለችኝ። አባቴ ቀና ሲል መስኮቱ ላይ አየኝ፤ ፊቱ ቀልቷል። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ እጄን በፍርግርጉ አስገብቼ ጣቴን አጮኽኩለት። ቀጭ!

ዓይን ለዓይን ተያየን። ጎንበስ ብሎ ጠመኔውን አነሳ።

"እሺ፣ ወራጅ አለ" አለ ወደ ልጆቹ ዞሮ። "ግን ይህ መኪና ዝም ብሎ አያወርድም። የጠየቅኩትን ያነበበ ይወርዳል። ያላ፣ እንቀጥል!"

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጣት በጣት ሆነ። ያነበበ ሁሉ እየተነሳ በር ጋ ይሰለፋል። ከሶባ ሰፈር የምትመጣ፣ በአማርኛ ሲጠይቋት በዓረብኛ የምትመልስ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ ወንበሯ ላይ ብቻዋን ቀረች። አባቴ አልቸኮለም። ድልድይ ላይ መጠበቅ የለመደ ሰው ነው። ቆይታ ቆይታ ጣቷን ልታጮህ ሞከረች፣ አልጮኸላትም። "ሰምቻለሁ" አላት። "ሙ" አለች። "ደርሰሻል፣ ውረጂ!" በር ጋ የቆሙት አጨበጨቡላት። እሷ ግን በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። "አልወርድም፣ እንደገና!"

ርእሰ መምህሯ "እናሳውቅዎታለን" ብቻ ብለው ወጡ። መጠበቁ ከፈተናውም ይብሳል። ዛሬ ጠርተው "እሑድ ይጀምሩ፤ ፍሬንዎን ግን ይዘው ይምጡ" አሉት። የመኪናው ባለቤት፣ ደግ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፣ "መብሩክ ያ ኡስታዝ!" ማለትም እንኳን ደስ ያለህ መምህር ብለው፣ ተርሂሉን እንዲቀጥል ፈቀዱለት፤ የትምህርት ቤቱ መንገድ አሁን የራሱም መንገድ ነው ብለው። እግዚአብሔር ይስጥልን ከማለት ሌላ ምን አለን?

አሁን አባቴ "መጻፍ የምትወጂ አንቺ ነሽ፣ ንገሪልኝ" ያለኝን ላድርስ። ርእሰ መምህሯ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ክፍሉን ሰጥተውታል። ልጆቻችሁ አማርኛ የጠፋባቸው ከሐጅ ዩሱፍም ከሶባም ይዛችኋቸው ኑ። በሰው ቤት የምትሠሩ፣ ዓርብ ብቻ እረፍት ያላችሁ እህቶቼም፣ ፊደል ካመለጣችሁ ለራሳችሁ ኑ። አትፈሩ፤ እሱም ፈርቶ ነበር። ቦታ ከጠበበ እንደ ሀፍላው እንጠጋጋለን። እኔም ኋላ ወንበር ላይ አለሁ፣ መልሱን ስታውቁ ጣታችሁን ማጮህ ብቻ ነው።