ሚስቴ «አንተ» ያለችው ሰው

ሚስቴ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እኔ ባለታክሲ ነኝ። የተዋወቅነውም እዚያው ታክሲዬ ውስጥ ነው። ዝናቡ ሲወርድ በር ከፍታ ገባችና «እባክዎ ያድርሱኝ» አለችኝ። በዕድሜ በጣም እበልጣታለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ ጺሜንም አልተላጨሁም ነበር። አደረስኳት፤ ሌላም ቀን አደረስኳት፤ በመጨረሻ እቤቴ አደረስኳት። «እርስዎ» የሚለው አጠራር ግን አብሯት ተሳፍሮ ገብቶ እቤቴ ቀረ። «ራት ይብሉ»፣ «ካልሲዎን የት ጣሉት?»፣ ስትቆጣ እንኳ «እርስዎ ሰውዬ!» ነው የምትለኝ። ጓደኞቼ «ታድለህ!» ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ ኖርኩ፤ መምህሩ እስኪመጣ ድረስ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ሕመም ነው። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ የምናደርግላቸው የለም፤ ቤት ይውሰዷቸው» ብለው ሸኙን። ቤት ሲገቡ ሕመሙ ጠናባቸው። ሞርፊን የሚባል፣ ሕመም የሚያበርድ ሽሮፕ አለ። የሚሰጠው ግን ትልቁ ሆስፒታል ብቻ፣ የሚፈርመው ሐኪም ብቻ፣ እሱም ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ ነው። እኔ ሰልፍ ስቆም እናቴን ያስታመመቻቸው ሚስቴ ናት። ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ፀጉራቸውን ያበጠረችላቸው እሷ ናት። የሞቱ ቀን ሽሮፑ አልቆ ነበር። እኔ ከሰልፉ ባዶ እጄን ስመለስ ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ሚስቴ ከቀብር ስትመለስ አላለቀሰችም። «ይሄ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ሕጉን ደግሞ ሰው ነው የጻፈው» ብላ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ፀጉር ቤቷ ፀጉር ቤት መሆኑ ቀረ። የሠለጠኑ ነርሶች መድኃኒቱን ራሳቸው አዘው በሽተኛው ቤት ድረስ ይዘው እንዲሄዱ ይፈቀድ እያለች ፊርማ ማሰባሰብ ያዘች። ቢጎዲን ተጠቅልሎላት ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች ሴት የት ታመልጣለች? ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ሲቀር «አልፈርምም» የምትል ወኔያም አልተገኘችም።

አቤቱታውን የሚያቃናላት ሰው ስትፈልግ ነው ደንበኞቿ ወደ መምህሩ የላኳት። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከመንገዳችን ጫፍ፣ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። እግረ መንገዷን ትራሱን ታስተካክላለች፣ ፊቱን ታጥባለች፣ ተሰልፋ ሽሮፑን ታመጣለታለች። መጀመሪያ ላይ እኔም «ደግ አደረግሽ» ብያለሁ።

አንድ ከሰዓት ልወስዳት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ዋጠው እንጂ፣ አንተ ደግሞ! እንደ ሕፃን አታስለምነኝ!»

የሚስቴ ድምፅ ነው። አንተ! የመንገዱ ሰው ሁሉ፣ ያስተማራቸው ጎረምሶች እንኳ ሲጋራቸውን ደብቀው «እርስዎ» የሚሉትን ሰው ሚስቴ «አንተ» አለችው። እሱ ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም፤ እሷ ግን ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ እኔ ቤት ሰምቼው አላውቅም።

ቀናሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ሊሞት በተቃረበ ሰው ቀናሁ፤ እርር ድብን አልኩ። አክብሮቱ ለእኔ፣ ቅርበቱ ለእሱ! ለካ እስከዛሬ የተከበርኩ የመሰለኝ እንግዳ ስለሆንኩ ነው። ራት ላይ መታገሥ አቃተኝ።

«ለመሆኑ ያንን መምህር ምን እያልሽ ነው የምትጠሪው?»

«እንደፈለገው» አለችና ሾርባውን ጨለፈችልኝ። «ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል።»

እንደፈለገው! ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ? ሾርባው እዚያው ሰሃኑ ላይ ቀረ።

ይባስ ብሎ የሕግ አውጪዎቹ ኮሚቴ ከአቤቱታዋ ስለወጣው ረቂቅ ሕግ የሕዝብ አስተያየት እሰማለሁ አለ። መምህሩ ደግሞ «ራሴ ሄጄ ካልተናገርኩ» ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ሚስቴ ታክሲዬን ጠየቀችኝ።

«ሥራ አለኝ» አልኳት።

«ይተዉት በቃ፤ ሌላ እፈልጋለሁ።»

ሌላ! ሌላ ባለታክሲ ሁለቱን ኋላ አስቀምጦ ሲከንፍ ታየኝ። «እኔው እወስዳችኋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

መምህሩን ተሸክሜ ደረጃውን አወረድኩት። ከመለዋወጫ ጎማዬ ይቀላል። እያንዳንዱ እርምጃ ሲያስቃስተው ትንፋሹ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እኔም በልቤ፣ የቀናሁበት ሰውዬ ይሄ ነው እንዴ አልኩ። ኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ሲጥል ግን በስፖኪዮ አየሁና እንደገና ነደድኩ። ስፖኪዮውን ወደ ላይ ቀና አደረግኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ወደነሱ አዞርኩት።

«በቀስታ ወንድሜ» አለኝ መምህሩ። «የከተማውን ካርታ በአጥንቴ እየሳልኩት ነው።»

ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ጥርሴን ነክሼም ጉድጓድ ጉድጓዱን እየሸሸሁ ነዳሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው በመምህሩ አናት ላይ አሻግሮ ሚስቴን ጠየቃት። «ሕመሙ በጣም ይበረታባቸዋል? መናገርስ ይችላሉ?»

«እዚሁ ነኝ ጌታዬ» አለ መምህሩ። «እኔን ይጠይቁኝ።»

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ወደ እሱ አስጠጋለት።

«ከታመምኩ ወዲህ 'እሳቸው' ሆኛለሁ። 'በሉ ወይ?'፣ 'ተኙ ወይ?' ብለው ሌላ ሰው ይጠይቃሉ። ሊጠይቀኝ የመጣም ሕመሙ ሲነሣብኝ ከበር ይመለሳል፤ አልፈርድበትም፣ እጁ ባዶ ነው። የሚፈርም ሐኪም እስኪገኝ እኔ ትራስ እነክሳለሁ። ይቺን ፀጉር ሠሪ ለመንኳት። 'አንተ በይኝ፤ ተቆጪኝ፤ በሕይወት እንዳለ ሰው አዋሪኝ' አልኳት። ስንት ጊዜ እምቢ አለችኝ መሰላችሁ! 'ባሌን እንኳ ያላልኩትን ለሌላ ሰው እንዴት እላለሁ?' እያለች።»

ሚስቴ አቀርቅራ ጣቶቿን ታያለች። እኔ የታክሲዬን ቁልፍ መዳፌ እስኪያመኝ ጨብጬዋለሁ።

«ከሕጉ የምፈልገው ብዙ አይደለም» አለ መምህሩ። «ነርሷ መድኃኒቱን ይዛ ቤቴ ትግባና 'የት ጋ ነው የሚያምህ?' ትበለኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሽሮፑን እየተሰለፍኩ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። የሞተውም ሽሮፑ ሳያልቅ፣ ሳይጮህ ነው፤ ሚስቴ እጁን ይዛው ነበር። አሁን ሊሞቱ የተቃረቡ ሌሎችንም ታስታምማለች፤ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም፣ ከፈለጉ፣ «አንተ» «አንቺ» ትላቸዋለች። እኔ «እርስዎ» ነኝ። ምክንያቱን ባውቅም ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ በሬሳ የሚቀና ባል ካለ እኔ ነኝ።

ሕጉ መጽደቁን በሬዲዮ ስንሰማ ሚስቴ ኩሽና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለእናቴ ያላለቀሰችውን ሁሉ አንድ ላይ አወጣችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሆድ ባሰኝ።

«እኔንም አንተ በይኝ» አልኳት።

ልቅሶዋ ቀጥ አለ። ግንባሬን፣ አንገቴን፣ ደረቴን ዳሰሰችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የት ጋ ነው የሚያምህ?» አለችኝ።

«የትም» አልኳት፣ እጇን ይዤ። «የትም አያመኝም። እርስዎ በይኝ።»